ጋዜጠኛ ሲደውል የመንግስት ሆስፒታል ምን ይበል?

የመንግስት ሆስፒታል በህዝብ ገንዘብ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ጋዜጠኛ ስለ በጀቱ፣ ስለ መድሃኒት እጥረቱ፣ ስለ ወረፋው ቢጠይቅ ሊመለስለት ይገባል፤ የታካሚ ሚስጥር ግን የታካሚው ነው። ብዙ ቦታ የሚሆነው ግን ግልባጩ ነው፣ በጀት ሲጠየቅ "ሚስጥር ነው" ይባልና የተጎጂ ፎቶ ከድንገተኛ ክፍል ወጥቶ ቴሌግራም ላይ ይዞራል።

ለሚዲያ የሚመልሰው ህዝብ ግንኙነቱ ነው፣ ማታና እሁድም ተረኛ ሊኖረው ይገባል። ስልኩን ተረኛዋ ነርስ ካነሳችው የደዋዩን ስም፣ የሚዲያውን ስምና ጥያቄውን ጽፋ ማስተላለፍ ነው እንጂ "አዎ እዚህ ተኝቷል" እንኳን ማለት የለባትም፣ ምክንያቱም የአእምሮ ህክምና ክፍል ከሆነ መተኛቱን መናገር ማለት በሽታውን መናገር ነው። ከዛ ደዋዩ እውነት ጋዜጠኛ መሆኑን ለማረጋገጥ በሚዲያው ዋና ቁጥር መልሶ መደወል፣ ደዋይ ማንነቱን ሊዋሽ ይችላልና። በ2012 እ.ኤ.አ. ሁለት የአውስትራሊያ ሬዲዮ አቅራቢዎች ንግስት ኤልሳቤጥንና ልዑል ቻርልስን መስለው ለንደን ያለ ሆስፒታል ደውለው ስለ ልዑል ዊሊያም ባለቤት ጤና ከነርስ ሰምተው አየር ላይ አውለውታል።

ስለ አንድ ታካሚ የሚባለው ነገር እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው፣ እሱም አጭር፦ "ደህና ነው"፣ "በአስጊ ሁኔታ ላይ ነው"። "ስቴብል ነው" (ሁኔታው አልተለዋወጠም ለማለት) የምትለዋን ነገር እኔ አልወዳትም፣ በጠና የታመመም ሰው ስቴብል ሊሆን ይችላል፣ ሰሚው ግን የዳነ ይመስለዋል። ሞትም ሚስጥሩን አያነሳውም፣ የአለም ሃኪሞች ማህበር የጄኔቫ ቃለ መሃላ ላይ ይሄ በ1968 እ.ኤ.አ. ገብቷል።

ካሜራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏ ከሞተ ከአመት በላይ ቆይቶ ቲቪ እያየች ድንገት ሲታከም ሰማችው፣ ፊቱ ተደብዝዟል ግን በድምጹ አወቀችው፣ ቤተሰቡን ያስፈቀደ አልነበረም። ሆስፒታሉ ታካሚዎችን ሳያስፈቅድ በማስቀረጹ በ2016 እ.ኤ.አ. 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ስለዚህ ፊት መሸፈን ፈቃድን አይተካም፣ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ሊፈቅድ አይችልም።

ብዙ ሰው የተጎዳበት አደጋ ሲሆን ዝምታ አይሰራም፣ ወሬው ቀድሞ ይሮጣል። ቶሎ ወጥቶ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንቱ ቀዶ ጥገና ላይ እንዳለ መናገር፣ ስም ግን ለቤተሰብ ሳይነገር አይነሳም። የአደጋው መንስኤ ከተጠየቀ ወደ ፖሊስ መምራት ነው፣ ሃኪም ያላየውን አይመሰክርም። ቁጥር ሲነገር ከነሰዓቱ ይነገር፣ "8 ሰዓት ላይ 14 ነበሩ፣ አሁን 16 ናቸው" ከተባለ ማንም ዋሽተዋል አይልም።