ጤና መድን በአዲስ አበባ ዳርቻ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ «ኢንሹራንስ አለህ?» ብትሉት ሰው የሚያስበው መኪና ነው። «ጤና መድን» ስትሉት ግን ከወረዳ የሚወጣውን ካርድ ያሳያችኋል። «ኢንሹራንስ» እና «መድን» አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው። እዚህ አካባቢ ግን ተለያይተዋል።

ለምን ተለያዩ? ደርግ በ1967 ዓ.ም የግል ኢንሹራንሶችን ወረሰ። ቆይቶም ሁሉን ጠቅልሎ የሚሠራው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ። የግል ኩባንያዎች የተመለሱት በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው። ከዚያ ወዲህ የዘርፉ ዋና አረቦን፣ ማለትም ደንበኛው ለመድን የሚከፍለው ገንዘብ፣ ከተሽከርካሪ ይመጣል። ኩባንያዎቹ የጤና ሽፋንም ይሸጣሉ፣ ግን ባብዛኛው በጅምላ፤ ለባንክ፣ ለፋብሪካ፣ ለእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች። ዳርቻ ላይ ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ለእነሱ ደንበኛ አይደለችም። ክፋት አይመስለኝም፣ ሒሳብ ነው። የታመመ ሰው ብቻ ውል የሚገባ ከሆነ ኩባንያው ይከስራል። ትርፍ የሚገኘው ጤነኛውም አብሮ ሲከፍል ነው፤ ይህን ደግሞ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በሙሉ ሲያስገባ ያገኙታል።

በነገራችን ላይ የዳር ነዋሪ የግል ኢንሹራንስን በጤና ጉዳይ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው፣ ግዴታ ነው። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ መኪና የገጨው ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ይል ነበር። 

ክፍተቱን እንዲሞላ የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ ነው። አሠራሩን ለማስረዳት እድር ይበቃል፤ ልዩነቱ እድር ከሞትክ በኋላ መድረሱ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ቤተሰቡ ይታከማል። አቅም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ የተረፈ ካለ የጋራ ቋቱ ውስጥ ይቆያል።

ለደመወዝተኛው ሌላ መንገድ ታስቦ ነበር። አዋጅ 690/2002ን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል። ሠራተኛው አጉረመረመ። «ሐኪም ቤቱ ሳይሻሻል ለምን ይቆረጥብኛል?» አለ። ትግበራውም ተደጋግሞ ተገፋ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ካርድ የያዘ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ከአቅሙ በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ውል ወዳለው ሆስፒታል ያልፋል፤ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ አለ። የዘለለ ሰው ከኪሱ መክፈል ይጠብቀዋል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። ትልቁ እሮሮ ግን መድኃኒት ነው። ካርዱ አለ፣ ሐኪሙ ጽፏል፣ የጤና ጣቢያው ፋርማሲ «አልቋል» ይላል። ሰውዬው ከግል ፋርማሲ ይገዛል። እኔም ለእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ሁለት ጊዜ እንዲህ ገዝቻለሁ። በዓመቱ ብዙዎች ካርዳቸውን የማያድሱት በመዋጮው ብቻ አይደለም፣ በዚህም ጭምር ነው። ጤነኛው ሲወጣ ቋቱ ውስጥ የሚቀረው ታማሚው ነው፤ ኩባንያዎቹ የሸሹት ችግር ወረዳው ቢሮ ድረስ መጣ ማለት ነው።

ዳርቻው የራሱ ጣጣም አለው። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰናቸውን ሲያካልሉ አንዳንድ ሰፈሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሩ። ብዙም ሳይቆይ በ2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያጠቃለለው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። የመድኑ አባልነት ግን ከተመዘገቡበት አስተዳደር ጋር የተያያዘ ነው። እናም በአንድ እድር የሚቀባበሩ፣ አንድ ዳቦ ቤት የሚሰለፉ ጎረቤታሞች ሲያማቸው በየካርዳቸው ወደተለያየ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ።