ጳጳሳቱን ያስተማረች እኅት

ስለ ምንኩስና ሲነሣ እንጦንስን፣ ጳኩሚስን፣ ባስልዮስን እንጠራለን፤ ይገባልም። ግን፣ ወገኖቼ፣ ባስልዮስን ወደዚያ መንገድ ማን እንደሳበው ስንቶቻችን እናውቃለን? ታላቅ እኅቱ ቅድስት ማክሪና ናት።

በ12 ዓመቷ ገደማ ታጨች፤ ሰርጉ ሳይደርስ እጮኛዋ ሞተ። ቤተሰቦቿ ሌላ ሰው ሊድሯት ቢሉ እምቢ አለች። ትንሣኤ ሙታን አለና እጮኛዋ ሩቅ አገር እንደ ሄደ ሰው እንጂ እንደ ሞተ አትቈጥረውም ነበር። ባስልዮስ የንግግር ጥበብ ተምሮ ልቡ ታብዮ ሲመለስ ወደ ትሕትና የመለሰችው እርሷ ናት። የቤቱን የመጨረሻ ልጅ፣ ወንድሟን ጴጥሮስን፣ ከሕፃንነቱ ጀምራ አሳደገችው። ሁለቱም ጳጳሳት ሆኑ። ሌላው ጳጳስ ወንድሟ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ገድሏን ጻፈ፤ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍም «መምህርቷ» እያለ ይጠራታል። እርሱ ባይጽፍልን ኖሮ ምን ያህል እናጣ ነበር!

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ግን ኅብስቱ ነው። የባለጸጋ ልጅ ሆና ሳለ ለእናቷ በገዛ እጇ ትጋግር ነበር። በኋላ እናቷን አሳምና በጶንጦስ (በዛሬዋ ቱርክ፣ በጥቁር ባሕር አጠገብ) ባለው ርስታቸው የምንኩስና ማኅበር መሠረተች፤ ገረዶቻቸውም እንደ እኅቶች ተቈጥረው ከእመቤቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ ቀረቡ። ይህ የሆነው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው! ተመስጦ ሲባል ራእይ ብቻ የሚመስለን አለን። የማክሪና ተመስጦ ግን ሊጥ በነካ እጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ379 ጎርጎርዮስ ሊጠይቃት ሲመጣ መሬት ላይ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ ተኝታ አገኛት። ባስልዮስ ካረፈ ብዙም አልቈየም ነበርና ስሙ ሲነሣ ጎርጎርዮስ አለቀሰ። እርሷ በትኩሳት እየነደደች ስለ ነፍስ ሕያውነት አስተማረችው። ሊያጽናና የመጣው ተጽናና።

በማግሥቱ መሸ፤ መብራት ገባ። ማክሪና ዐይኗን ገልጣ ብርሃኑን አየች፤ የሠርኩን፣ ማለት የምሽቱን፣ ጸሎት ልታደርስ ፈለገች፤ ድምፅዋ ግን ከዳት። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎቷን ስትፈጽም እጇን ወደ ፊቷ አነሣች፣ አማተበች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ዐረፈችም።