ቆሮሶ ምንድን ነው? ባዶ ጉድጓድ የሚጠብቀው ዓሣ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ጥብስ የበላ ሰው ቆሮሶን ያውቀዋል፤ ቢያንስ ሳህን ላይ። በሌላው ዓለም የናይል ቲላፒያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ይባላል። ቤተሰቡ ሲክሊድ ነው። ይህ የጨው አልባ ውኃ ቤተሰብ ከ1,600 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አባላቱ ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ ስላላቸው የፊተኛው የያዘውን የኋለኛው ያደቅቀዋል። በአገራችን ቆሮሶ ከጣና እስከ ጫሞ ይገኛል። የጣናው፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹና በአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውኆች የሚኖረው እርስ በርስ ስለሚለያዩ፣ ለየብቻ ንዑስ ዝርያ ተደርገዋል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹና የፍል ውኆቹ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ አመዳደብ፣ የጣናው ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ.።

ሲክሊዶች በጠበኝነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ቆሮሶም ወንዱ ይዞታ አለው ይባላል። ይዞታ ሲባል ብዙ ሰው ምግብ ያለበትን ቦታ ወይም ልጆች የሚያድጉበትን ጎጆ ያስባል። የቆሮሶ ይዞታ ሁለቱንም አይደለም። ምግቡ በአብዛኛው ውኃው ውስጥ የተበተነው አልጌ ነው፤ እሱን አጥሮ መጠበቅ አይቻልም። ልጆቹም እዚያ አያድጉም።

ታዲያ ወንዱ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ውኃው ሞቅ ሲል፣ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ሲል ማለት ነው፣ ወደ ዳር ይወጣና አሸዋማ በሆነ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ አፈሩን በአፉ እየዛቀ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጎረቤቶቹም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ጉድጓዶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ወሰን ያለፈ ወንድ ከመጣ ባለቤቱ መጀመሪያ ክንፉን ዘርግቶ ጎኑን ያሳያል፣ ውኃውን በጅራቱ ይመታል። ይህ ካልበቃ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይገፋፋሉ። የተሸናፊው ዓይን ይጠቁራል፤ ይህም ለአሸናፊው «በቃኝ» እንደ ማለት ነው፣ ጥቃቱን ያበርድለታል። የቅርብ ዘመዱ የሞዛምቢክ ቲላፒያ ደግሞ ሽንቱን ሳይቀር ለዚህ ያውለዋል፦ የበላይ የሆነው ወንድ ሽንቱን አጠራቅሞ በጠብ ሰዓት ይለቃል፤ ሽታው ማን እንደሆነ ይናገራል።

ሴቷ ጉድጓዱን ጎብኝታ ወንዱን ከወደደችው እንቁላል ትጥላለች፤ እሱ ዘሩን ሲለቅበት ወዲያው በአፏ ለቅማ ትሄዳለች። እንደ ትልቀቷ ከመቶ እስከ ከሺህ በላይ እንቁላል አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ያዘሉት አስኳል እስኪያልቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ትሸከማቸዋለች፣ በዚህ ጊዜም ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ከለቀቀቻቸው በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተሽቀዳድመው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ጥንታዊ ግብፃውያን ቲላፒያን ከዳግም ልደት ጋር አያይዘው በመቃብር ግድግዳ ላይ የሣሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ወንዱ ግን ከባዶ ጉድጓዱ ጋር ይቀራል፣ ቀጣይዋን ሴት እየጠበቀ። ይዞታው የመራቢያ መድረክ እንጂ ቤት አይደለም፤ ጥሩ ቦታ የያዘ ወንድ ተራ በተራ የሚመጡ ሴቶችን እንቁላል ያዳብራል፣ ቦታ ያጣው ዳር ይቆማል።

ይህ ጠባይ ለዓሣ አስጋሪው ቀላል ጉዳይ አይደለም። መራቢያው ከዳር፣ ያውም ከታች አሸዋ ላይ ስለሆነ፣ ወለሉን እየጠረገ ወደ ዳር የሚጎተት መረብ ጉድጓዶቹን ያፈርሳል፤ በአፏ የታቀፈችም ስትያዝ እንቁላሉን ትተፋዋለች። በኩሬ ለሚያረባው ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምርና ኩሬው በማያድጉ ጥቃቅን ዓሦች ይሞላል። ለዚህ ነው ብዙ አርቢዎች ቶሎ የሚያድጉትን ወንዶች ብቻ የሚያስገቡት። ወንዶቹ ሴት በሌለበትም መቆፈራቸውን አይተዉም።