በአሪዞና የሰጡት ምጽዋት ከግብርዎ እንዴት ይነሳል?

በአሪዞና እውቅና ላለው የበጎ አድራጎት ድርጅት 400 ዶላር የሰጠ ሰው፣ ለግዛቱ ከሚከፍለው ግብር ላይ 400 ዶላሩ እንዳለ ይነሳለታል። ይህ ታክስ ክሬዲት ከተለመደው ተቀናሽ ጋር በእጅጉ ይለያል። ተቀናሽ የሚያሳንሰው ግብር የሚሰላበትን ገቢ ነው፤ የግዛቱ የገቢ ግብር 2.5 በመቶ ስለሆነ ከ400 ዶላር ተቀናሽ የሚተርፈው 10 ዶላር ብቻ ነው። ክሬዲት ግን ራሱን ግብሩን ይቀንሳል።

ሰዎችን በጣም የሚያምታታው የተመላሽ ነገር ነው። የዓመቱ የግዛት ግብርዎ 300 ዶላር ሆኖ 400 ቢሰጡ፣ ትርፉ 100 ዶላር በእጅዎ አይገባም፤ እስከ አምስት ዓመት ለሚመጣው ግብር ይተላለፋል። ነገር ግን 300 ዶላሩ ቀድሞ ከደመወዝዎ ተቆርጦ ከነበረ እሱ ይመለስልዎታል። «ግብሬ ከደመወዜ ስለሚቆረጥ አይመለከተኝም» የሚሉ ሰዎች በከንቱ መብታቸውን እየተዉ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጣሪያው በየዓመቱ ይለወጣል። ለ2024 የግብር ዓመት ላላገባ ሰው 470፣ በጋራ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት 938 ዶላር ነበር። እስከ ኤፕሪል 15 የሰጡትንም ላለፈው ዓመት ማስቆጠር ይቻላል።

ከመስጠትዎ በፊት ድርጅቱ በግዛቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ቅጽ 321 ላይ የሚሞላውን የድርጅቱን መለያ ቁጥር የሚያገኙትም እዚያው ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ለሌለ ማኅበር የተሰጠ ገንዘብ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ ለዚህ ክሬዲት አይቆጠርም።