የጓሮ ቅመማ ቅጠል በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ጤና አዳም አያጣም። ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል፤ "ሂድ፣ ጤና አዳም ቀንጥሰህ አምጣ!" አንዷ ቀንበጥ ሲኒው ውስጥ ትገባለች፣ የቀረው አይብ ላይ ይከተፋል፣ ፍሬው ደግሞ ለበርበሬው ይቀመጣል።

ሌላውን ግን ከመትከላችሁ በፊት ከፍታችሁን እወቁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ላይ ትጠብቃችኋለች። በሶብላ ቆላው ላይ ውኃ ካገኘ ይለመልማል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ማታ አረንጓዴ የነበረው ቅጠል ጠዋት የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ይጠቁራል። ስለዚህ ደጋ ያላችሁ አበባው እንደወጣ፣ ውርጩ ሳይቀድማችሁ፣ ከነአበባው እጨዱት። ወይ በቆርቆሮ ተክላችሁ ማታ ማታ ቤት አስገቡት።

ጦስኝ ተቃራኒው ነው። ብርዱን ይወዳል፤ መንዝ ጓሳ ላይ በዱር ይበቅላል፣ ከኢትዮጵያ ውጭም በተፈጥሮ አይገኝም። ለሻይም ለሽሮም ይሆናል። ከዱር ከነሥሩ እየነቀሉ የሚሸጡት በጣም ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ቅርንጫፉን በመቀስ ብትቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፤ መሬት ለመሬት የተሳበና ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ካገኛችሁ ደግሞ ጓሯችሁ ላይ ይያዝላችኋል። ፍግ አታብዙበት። ቅጠሉ ይበዛል እንጂ ሽታው ይደክማል።

የጥብስ ቅጠልና ኮሰረትም ከቁራጭ ይያዛሉ። ስንዝር ያህል ቆርጣችሁ የታችኛውን ቅጠል አርግፉና እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉ። ድንብላል ግን ዘሩን እዛው መደቡ ላይ ነው የሚዘሩት፤ ሲነቅሉት ሥሩ ይከፋዋል።

ዋልካ አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉ። ክረምት ውኃው ይተኛበትና ሥሩን ያበሰብሳል፤ ከብርድ ይልቅ ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ ይመስለኛል።

ስለ ጤና አዳም አንድ ነገር ልጨምር። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ጠንካራ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ያስቋጥራል፣ ስለዚህ ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። እርጉዝ ሴትም አብዝታ እንዳትወስደው።

ማድረቅ ሁሌም ጥላ ላይ ነው። ኮሰረቱን በትንሽ በትንሹ አስራችሁ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ስቀሉት፤ ቅጠሉ በጣት ሲነካ ከተንኮሻኮሸ ደርሷል፣ ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ይወርዳል።