ቆረቆር ምንድን ነው? ቅባት ብቻውንስ ለምን አያድነውም?

ባለፈው ቅዳሜ አራዳ አካባቢ ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን ይዛ ገባች። ቆራጩ ማሽኑን አነሳና የልጁን ራስ አይቶ መልሶ አስቀመጠው። ከጆሮው በላይ ሳንቲም የሚያህል ቦታ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ፀጉሩ ከሥሩ ተቀንጥሶ ጥቋቁር ነጥብ ብቻ ቀርቷል።

«እናቴ፣ ይሄ ቆረቆር ነው። ሐኪም ይየው» አላት።

«ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ቀባሁት እኮ!» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ንጹሕ ቤት ያደገ ልጅንም ይይዛል። ይኸው የፈንገስ ዘር ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት እንለዋለን። ጭርት ላይ ላዩን ስለሚኖር ክሎትሪማዞል ወይም ዊትፊልድ ቅባት ይበቃዋል። ከክቡ ጠርዝ ትንሽ አልፎ በቀን ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ቆረቆር ግን በፀጉሩ ሥር ወርዶ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ቅባት እዚያ አይደርስም። እናትየው ሁለት ወር የለፋችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። የቆየውና የታወቀው ግሪሶፉልቪን ነው፤ ተርቢናፊንም አለ። መጠኑ በልጁ ኪሎ ስለሚሰላ ከጎረቤት ልጅ የተረፈውን መስጠት አይሆንም። ግሪሶፉልቪን አዲስ በሚያድገው ፀጉር ውስጥ ገብቶ ነው ፈንገሱን የሚያግደው፤ ፀጉር ደግሞ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚወሰደው ለዚህ ነው። ብዙ ቤት ቅርፊቱ ሲረግፍ «ዳነ» ተብሎ ይቋረጣል፤ ከዚያ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሪሶፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ወተት፣ እንቁላል ወይም ቅቤ ያለበት ወጥ ጥሩ ነው። ጾም ሆኖ ቤቱ የጾም ከሠራም ችግር የለም፤ በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም የለውዝ ቅቤ በዳቦ ይሆናል። በባዶ ሆድ ግን አይስጡት።

ኬቶኮናዞል ሻምፑ በሳምንት ሁለቴ ቢታጠብበት ወደ ሌላው መተላለፉን ይቀንሳል፤ ለብቻው ግን አያድንም። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ ሻሽና ምላጭ ለየብቻ ይሁን። የወንድም የእህቱንም ራስ ገልጣችሁ እዩ፤ ከአንድ ትራስ የሚተኙ ከሆነ በተለይ።

ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ቆዳ ያቃጥላል፤ የተላጠ የሕፃን ራስ አይችለውም። ቤታሜታዞን (ፈንገስ የማይገድል፣ ማሳከክና መቅላት ብቻ የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ቅባትም በራስ ፈቃድ ገዝቶ መቀባት ጉዳት አለው። ማሳከኩን ያስታግሳል፣ መቅላቱን ይደብቃል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል።

ቦታው አብጦ ለስልሶ መግል ከቋጠረ፣ አንገቱ ላይም ንፍፊት ከወጣ፣ ቀን ሳትቆጥሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። እባጭ መስሏችሁ እንዳታፈርጡት። ቶሎ ካልታከመ ፀጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቆራጩ ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ሲነግራት፣ እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው ትምህርት ቤት ይቅር ወይ ብላ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረ መቅረት የለበትም። ኮፍያውን ብቻ ለጓደኛው አያውስ።