«እሱ እኮ ቴሌግራም ላይ አለ»

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ አንስታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ፣ ከጎናችሁ የቆመ ሰው ጠጋ ብሎ «እሱ እኮ ቴሌግራም ላይ በነፃ አለ» ይላችኋል። ስለ ስልክና ስለ ንባብ እንዲህ በእርግጠኝነት የሚነገሩትን እስኪ እንያቸው።

«የአማርኛ መጻሕፍት ዲጂታል ሆነዋል»

ብዙዎቹ የሆኑት ፎቶ ነው። በቅርቡ የተላከልኝ ልብ ወለድ ገጽ 47 ላይ ያነሳው ሰው አውራ ጣት የታችኞቹን ሦስት መስመሮች ሸፍኗቸዋል፤ ባልየው ምን ተናግሮ እንደወጣ እስካሁን አላውቅም። ፊደሉን ሲያጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ያልፋል፣ ግራ ቀኝ እየጎተቱ ማንበብ ነው። ቃል መፈለግማ አይታሰብም።

የተተየበውም ጣጣ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ያው ፎንት ከሌለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። በዩኒኮድ የተጻፈውስ? «ፀሐይ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ጸሐይ»ን፣ «ፀሀይ»ን፣ «ጸሃይ»ን ሊዘልላቸው ይችላል። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። እኔ አንዷን ቃል አራት ጊዜ መተየብ ለምጃለሁ።

«ማዳመጥ ንባብ አይደለም»

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በጆሮው አውቋቸዋል። ስሙን ንባብ አትበሉት ካላችሁ እሺ፤ ሥነ ጽሑፍ ግን ደርሷል።

«ደራሲው ካረፉ ማባዛት ችግር የለውም»

አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቁጠሩት። «እያስተዋወቅንላቸው ነው» የምትሉም የሽፋኑን ፎቶ መላክ ይበቃችኋል።

«ስክሪን ላይ የተነበበ አይገባም»

ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና ወረቀት የበለጠው መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ላይና ሰዓት ሲጣበብ መሆኑን አሳይቷል፤ ትረካ ላይ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ለፈተና የምታጠኑ ወረቀቱን ያዙ። ልብ ወለዱን የታክሲ ሰልፍ ላይ በስልክ ብትጨርሱት ምንም አይቀርባችሁም፤ አውራ ጣት ካላረፈበት።